ለአቡጀዲው ልጅ ዋስ መሆን

ሲኒማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ካየሁ ወዲህ ሆዴ እንደተቃጠለ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ሲኒማ ማለት የማይንቀሳቀሱ ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው። በመብራት ፊት በፍጥነት ሲያልፉ ዓይን ይታለልና የሚራመዱ ይመስሉታል። ይኸን ማንም አላስተማረኝም። ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ላይ ራሴ አንብቤ ነው የደረስኩበት። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ። ታዲያ አምና የሲኒማ መኪና ዳንግላ ሲመጣ አስተርጓሚው ማን ሊሆን ነው? እኔ ነኛ!

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። የትምህርት ቤቱን ትልቁን ክፍል መስኮት በጋቢ ጋረድን፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አቡጀዲ ወጠርን። በየዓመቱ በጥር ጊዮርጊስ የሚጋልቡት ፈረሰኞች ፊት ተቀመጡ። በእኛ አገር ፈረሰኛ የት ይቀመጥ ተብሎ አይጠየቅም። አለቃቸው ባላምባራስ ደምሌ ደግሞ ከሁሉም ፊት፣ ወንበራቸውን ከቤታቸው አስመጥተው።

ፊልሙ የአንድ ድሀ ልጅ ታሪክ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ልጁ ሰው የናቀውን ከሲታ ፈረስ አሳድጎ ከጌቶች ጋር ሊወዳደር ይመጣል። እኔ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአገውኛ እየጮህኩ አስረዳለሁ። ልጁ ከሜዳው በር ሲደርስ አንድ ባለ ረጅም ባርኔጣ ሰውዬ "አንተን ደግሞ ማን ያውቅሃል?" ብሎ ገፈተረው።

ይኸኔ ባላምባራስ ብድግ አሉ።

"እኔ አውቀዋለሁ! ዋሱ እኔ ነኝ! ልቀቀው!"

ጥላቸው አቡጀዲው ላይ አርፎ ልጁን ከነፈረሱ ሸፈነው። አትሳቁ። በእኛ ዘንድ አዲስ ፈረሰኛ ግልቢያ የሚገባው አንድ ነባር ፈረሰኛ "ዋሱ እኔ ነኝ" ሲልለት ነው። እሳቸውም ያደጉበትን ወግ ነው ያደረጉት። ሁለት ሽማግሌዎችማ ሄደው መኪናውን ይዞ የመጣውን ሰው "ስለ ጊዮርጊስ ብለህ አስገባልን" እያሉ ለመኑት። ሰውዬው ግራ ገብቶት፣ አባቶቼ ትንሽ ታገሡ፣ ራሱ ይገባል አላቸው። እውነትም ገባ። አሸነፈም። ባላምባራስ በኩታቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን አስዋሸኝ።

እንግዲህ ቁጣዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ታከለ የሚባል ጓደኛ አለኝ። የእሱም አባት ቀጥቃጭ ነው። የዳንግላ ፈረሰኛ ሁሉ ልጓሙና እርካቡ የሚወጣው ከዚያ ቤት ነው። ታከለ አንድ ዳማ ፈረስ አለው። በጥር ጊዮርጊስ ግልቢያ መሰለፍ ይፈልጋል። በየዓመቱ ዋስ ይለምናል፤ በየዓመቱ "የቡዳ ልጅ" ተብሎ ይመለሳል። እኔም ከሲኒማው ማግስት፣ የባላምባራስ እንባ ሳይደርቅ ልድረስ ብዬ ሮጥኩ።

"እርስዎ ለማያውቁት የፈረንጅ ልጅ ዋስ ሆነው የለም ወይ? ታከለንማ ከተወለደ ጀምሮ ያውቁታል" አልኳቸው።

"እሱ ሌላ ነው።"

"እንዴት ሌላ ይሆናል? የዚያም አባት እኮ ቀጥቃጭ ነው። መዶሻውን አላዩም?"

"አይቻለሁ። የፈረንጅ ቀጥቃጭ ቡዳ አይሆንም" አሉኝ።

ይኸ የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈ እግዜር ይወቅ! እኔ ያላገላበጥኩት ወረቀት የለም፤ አላገኘሁትም።

ባይሆን አንድ ጊዜ ይሞከር፣ ምናልባት ያሸንፍ ይሆናል ብዬ ለመንኳቸው። አጠገባቸው የነበሩት ፈረሰኞች ሳቁብኝ። ካሸነፈማ ፈረሶቻችንን በዓይኑ በልቶ ነው እንላለን አሉ። ቢሸነፍስ? አልኩ። ቢሸነፍማ ድሮስ የቀጥቃጭ ልጅንና ግልቢያን ምን አገናኛቸው እንላለን አሉኝ። ሰማችሁልኝ? ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ዝግራ ነሽ ይሏታል ማለት ይኸ ነው። ልጓሙን ከ"ቡዳ" ቤት ያመጡና ፈረሳቸው አፍ ውስጥ ይከቱታል፤ ያኔ ፈረሱን ቡዳ አይበላውም። ልጓሙን የሠራው ሰው ፈረስ ላይ ሲወጣ ግን ይበላል! ኧረ ጉድ ነው!

እንደተንጨረጨርኩ ታከለ ዘንድ ሄድኩ። ወናፍ እየነፋ ነበር። ላጽናናው ብዬ የሲኒማውን ትምህርት አስረዳሁት። ችግሩን ችሎ የታገለ ድሀ በመጨረሻ አንደኛ ይወጣል፤ ተስፋ አትቁረጥ፤ አንድ ቀን ሁሉንም ትቀድማለህ አልኩት። ወናፉን ተወው።

"አንተዬ፣ አንደኛ ልውጣ ብዬ መቼ ጠየቅሁ?"

"ታዲያ ምን ፈለግህ?"

"ልጋልብ ነዋ ያልኩት። ባላምባራስ ስንተኛ ነው የሚወጡት?"

አሰብኩት። ባላምባራስ ሸምግለዋል፤ ሞላ ሞላም ብለዋል። ፈረሳቸውም በዕድሜ እኩያቸው ነው ማለት ይቻላል። በየዓመቱ መጨረሻ የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ይኸን ጮክ ብሎ የተናገረ ግን እስከ ዛሬ የለም።

"አንደኛ ካልወጡ አይጋልቡም ያላቸው አለ?" አለኝ።

ተማሪው እኔ ሆንኩ። እኔ! የሁሉ ነገር አስረጂ!

ያን ጊዜ ነው ቁጣዬ ከፈረሰኞቹ አልፎ ወደ ሲኒማው የዞረው። ሲኒማው አንደኛ የወጣውን ድሀ አሳይቶ ያስለቅሰናል። አምስተኛ የወጣው ድሀስ የት ደረሰ? እሱ ሰው አይደለም? ጌታ ሲሆኑ በመወለድ ይገባል፤ ድሀ ሲሆኑ ግን በር ለማለፍ ዓለምን ሁሉ መቅደም የግድ ነው? ይኸን ፊልም የሠራው ሰው ደኅና አስተማሪ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም በር ጠባቂ ኖሯል፤ ባርኔጣው ብቻ አይታይም።

ጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። ዋስ አልተገኘም። እኔ ልሁንለት ብል ፈረስ የለኝም፤ ፈረስ የሌለው ሰው ዋስነት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ታከለ ዳማውን ጭኖ፣ ሸልሞ፣ ልጓሙን እንደያዘ ከተመልካቹ መሀል ከእኔ ጋር ቆመ። ፈረሰኞቹ አቧራውን እያስነሡ መጡ። አንዱ ቀደመ፤ የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ሌሎቹም ገቡ። አቧራው ሰከነ። ሜዳው ጭር አለ።

ከዚያ ባላምባራስ ብቅ አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ወጣቶቹ ሮጠው ልጓም ተቀበሉ፤ ደግፈው አወረዷቸው፤ ላባቸውን ጠረጉላቸው።

"ገብተህ ቢሆን ኖሮ እኮ አንደኛ ነበርክ" አልኩት ታከለን።

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን ከባላምባራስ ላይ አልነቀለም።

"አንደኛውንስ ይውሰዱት" አለኝ። "እኔን የሚያስቀናኝ እንዲህ መጨረሻ ወጥቶ እልል መባሉ ነው።"