በጀርባው የዋኘው ትራውት

በአሜሪካ፣ በሞንታና ተራሮች ሥር የምንኖር የትራውት ወዳጆች ማኅበር አባላት ይህን የወንዝ ዓሣ የምንወደው እንደ ሌላው ዓለም ለመብላት አይደለም። እሱን ከእኛ ያርቀው! እኛ ከላባና ከክር በተሠራ ዝንብ አታለን፣ ከንፈሩን በመንጠቆ በስተን፣ እስኪዝል ጎትተን፣ አብረነው ፎቶ ተነሥተን ወደ ወንዙ እንመልሰዋለን። ዓሣው ምስጋናውን ገልጾ ባያውቅም ቅር አይለንም።

ደንባችን ጥብቅ ነው። ዓሣ በእጁ የሞተበት ሊቀመንበር በዚያው ቀን ወንበሩን ይለቃል። በምርጫ ቀን ጠዋት ደግሞ ሊቀመንበሩ በአባላት ፊት አንድ ትራውት ይዞ መልቀቅ አለበት።

ክቡር ሊቀመንበራችን ሃርላን ቢክስቢ ዘንድሮ የያዙት ክንድ የሚያህል ነበር። የተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ ዓሣው ግን ይህን ምክር የሰማ አይመስልም።

«ወገኖቼ!» አሉ ከፍ አድርገው ይዘውት። «ርኅራኄ ማለት...»

«ሃርላን፣ ኧረ ውሃ አስነካው!» አለች ፎቶ የምታነሣው ባለቤታቸው ሞሪን።

«አንቺ ደግሞ! ስለ ርኅራኄ እየተናገርኩ አታቋርጪኝ።»

ንግግሩ ከርኅራኄ ወደ አያቶቻችን፣ ከአያቶቻችን ወደ ሊቀመንበሩ የሥራ ፍሬ ዞረ። ዓሣው መጀመሪያ አፉን እየከፈተ የሚቃወም ይመስል ነበር፤ በኋላ በሙሉ ልቡ ተስማማ።

«ሞቷል እኮ» አለች ሞሪን።

የሊቀመንበሩ ፊት አመድ መሰለ። ያለዚያ ወንበር ቀኑ እንዴት ይመሽላቸዋል? ከልቤ አሳዘኑኝ። ደግሞስ ከመካከላችን ዓሣ በእጁ ያልሞተበት ማን አለ?

«ተመስጦ ነው» አለ ምክትላቸው ዌንደል። «ይለቀቅ!»

ለቀቁት። ነጭ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ቁልቁል ወረደ።

«አቤት ዋና!»

«በጀርባው እኮ ነው!»

«የበሰለ ዓሣ እንዲህ ነው፤ አይቸኩልም።»

ባርኔጣችንን አወለቅን። ይህን ጊዜ አንድ ንስር ወርዶ ዋናተኛውን አነሣና ጥድ ላይ ተቀምጦ ከሆዱ ጀመረ።

«ገዳዩ ተገኘ!» ብሎ ጮኸ ዌንደል። ክስ ልንመሠርት ስንል ግን ንስር የአገራችን አርማ መሆኑ ትዝ አለን። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።

ያም ሆኖ ነፍስ ጠፍቶ ያለ ጥፋተኛ ቤት አይገባም። ስለዚህ በሙሉ ድምፅ ወሰንን፤ ሃርላን ቢክስቢ በወንበራቸው ይቀጥላሉ፤ ሞሪን ቢክስቢ ግን በጤነኛ ዓሣ ላይ በማሟረት ለሞት ስለዳረገችው ለአንድ በጋ ከወንዙ ትታገዳለች። ውሳኔውን ያነበቡላት ባለቤቷ ናቸው።

«ቅጣት ማቅለያ የምትዪው አለሽ?»

«ሃርላን፣ ዓሣው የሞተው እጅህ ላይ ነው።»

ቅጣቷን እዚያው ወደ ዕድሜ ልክ አሻሻልንላት።