የእትዬ በላይነሽ ምስክርነት

ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ አከራይህ የአንተን ታሪክ ካንተ በላይ ያውቃሉ። ካላወቁ ደግሞ ይፈጥሩልሃል። የኔዋ ፈጥረውልኛል።

እኔ የምኖረው ጎፋ፣ እትዬ በላይነሽ ግቢ፣ ስትገባ በስተግራ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች አንዷ ውስጥ ነው። እትዬ በላይነሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ክፍል እያከራዩ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ሌላው የሁለቱንም ይሠራል። የሆነ ጊዜ ከወረዳ ተከራይ የሚመዘግቡ ልጆች መጡ። እትዬ በላይነሽ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ ይሄማ የወንድሜ ልጅ ነው አሉ። አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወንድማቸው ልጅ ሆንኩ። ኪራይ ይቀንሱልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ሲደረግ! ይልቅ ወንድማቸው ሲሞቱ ጉድ ፈላ። በሕይወቴ አይቻቸው ለማላውቅ ሰው ድንኳን ውስጥ ነጠላ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። የእድሩ ሰው እየመጣ እግዜር ያጥናህ ይለኛል፤ እኔም አንገቴን እደፋለሁ። አንድ ሽማግሌማ ቁርጥ አባቱን ብለው ፊቴን እያዩ አለቀሱ። የሟች ልጆች በበኩላቸው፣ ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ወንድም ነው እያሉ በጎን ያዩኝ ጀመር። ውርስ ፈልጌ የመጣሁ መስሏቸዋል። ሣልስቱ እስኪወጣ ድረስ ቀና ብዬ ሰው አላየሁም።

ትስቃለህ አይደል? እኔ ግን ተራው ፈጠራ ነኝ። የእትዬ በላይነሽ ትልቁ ፈጠራ ሰናይትና ትዕግስት ናቸው።

ሰናይት ከአሥመራ በስደት የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ቁጥብ ልጅ ነበረች። የምትተዳደረው ሹሩባ እየሠራች ነው። በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ሴት በሯ ላይ ይኮለኮላል። ትዕግስት የዚሁ የነፋስ ስልክ ልጅ ናት፤ መካኒሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ግቢ ስትገባ ሳቋ ይቀድማታል። ሁለቱ አንዲት ክፍል ተከራይተው ከኔ ጋር ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ግድግዳው ደግሞ ቺፑድ ነው፤ ሹክሹክታ ሳይቀር ያሳልፋል።

ስለዚህ አውቅ ነበር። ይዋደዱ ነበር። እንደ እህት አይደለም የምልህ። ትዕግስት ትኩስ ነገር አይሆንላትም፤ ሰናይት ሻዩን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እየገለበጠች፣ አብርዳ ነበር የምትጠብቃት። ሲኮራረፉ እሰማለሁ። ሲታረቁ ሬዲዮኔን ከፍ አደርጋለሁ። ተክሊል የደፉ ስንት ጎረቤቶች አሉኝ፤ ቤታቸው እንዲያ ሲሳቅበት ሰምቼ አላውቅም። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ሰሞን ደንግጬ ነበር። ቤት ልቀይር ሁሉ አስቤ ነበር። በኋላ ታይፎይድ ጣለኝና፣ ትዕግስት መድኃኒቱን፣ ሰናይት ሾርባውን እየያዙ ሲመላለሱብኝ ሰነበቱ። ቤት የመቀየሩ ነገር በዚያው ተረሳ።

ግን ማወቅ ሌላ፣ መናገር ሌላ ነው። ይህ ነገር እኛ አገር ያሳስራል። እስር ቤቱ ሳይደርስ ደግሞ ሰፈሩ አለ፣ ወንድም አለ፣ የሥራ ቦታ አለ። እንናገር ብንልስ በምን ቃል? አፋችን ላይ ያለው ቃል ስድብ ብቻ ነው። ስለዚህ እነሱ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እትዬ በላይነሽ ይወቁ አይወቁ እንኳ አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ የእድሩ ዳኛ ሚስት ሹሩባ ልትሠራ መጥታ፣ ተራ እስኪደርሳት እትዬ በላይነሽ ዘንድ ቁጭ አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤ እነዚህ ልጆች ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ምንና ምን ሆነው ነው የሚኖሩት? እትዬ በላይነሽ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም። የእህትማማች ልጆች ናቸው እኮ አሉ። አያታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በአሥመራ መንገድ ሲመላለስ አንዷን ልጁን እዚያው ዳረ፤ ሌላዋ እዚህ ቀረች። ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ። እህትማማቾቹ ሳይተያዩ አረጁ። ልጆቻቸው ግን ይኸው፣ እግዜር ሲፈቅድ ተገናኙ።

ሴትዮዋ እዚያው አለቀሰች። ማን አያለቅስም? ጎፋ ውስጥ ድንበር የለያየው ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀም። እትዬ በላይነሽ ግን ወሬውን በዚያ መች ተዉት! ዛሬ የመኪናውን ቀለም ይጨምራሉ፤ ነገ የረዳቱን ስም። አንድ ቀን ሹፌሩ ገደል ሊገባ ሲል ገብርኤል እንዳወጣው ሲያወሩ ሰማሁና፣ እውነት መስሎኝ ደነገጥኩ።

የሰናይት እናት አሥመራ ያረፉ ጊዜ እድሩ ድንኳን ተከለ። ትዕግስትም እንደ እህት ልጅ ለቅሶ ተቀመጠች። ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። ሴቶቹ፣ አይታት ለማታውቃት አክስት እንዲህ ይለቀሳል ወይ እያሉ አደነቁ፤ ዘመድ እንዲህ ነው አሉ። ያለቀሰችው ለአማቷ ነበር። ያንን ማን ይንገራቸው?

ፎቶ መነሳት ሲመጣማ የእትዬ በላይነሽን ጠባይ ማወቅ አለብህ። ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለገና፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ካዩ ጥድፍ ብለው ይመጡና መሃላቸው ይገባሉ። እኔ የዕድሜ ነገር ነው፣ መረሳት አልወድም ብለው ነው እል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሰናይት የውጭ አገር ፕሮሰስ አለቀ። አንድ ብርዳም አገር ሊወስዳት ፈቀደ። ድሮ፣ ያ የሹፌሩ ወሬ ከወጣ በኋላ፣ ስደተኛ ብለው ሲመዘግቧት፣ እዚህ ዘመድ አለሽ ወይ ተብላ ነበር። ትዕግስት የአክስቴ ልጅ ናት ብላ አስመዘገበቻት። ምን ትበል? አስተርጓሚው የአገሯ ሰው ነው፤ ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ የአገሯ ሰው ነው። የአክስት ልጅ ደግሞ ይዘኸው አትሄድም። ኤርፖርት ድረስ ሸኘናት። ሁለቱ ሰው እንዳያይባቸው እንደ ዘመድ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙና ተለያዩ። እንዲያ ያለ ስንብት አይቼ አላውቅም።

እዚያ አገር ለካ ሁለት ሴቶች ተጋብተው መኖር ይችላሉ። አንዷ ሌላዋን ማስመጣትም ትችላለች። ሰናይት እግሯ እንደረጋ አመለከተች። ትዕግስት በግድግዳው በኩል እየሳቀች ስልክ ስታወራ ሰማሁና፣ ምን ተገኘ ብዬ ጠየቅኳት። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረችኝ። ልሄድ ነው፣ ሰናይት ጋ ልሄድ ነው አለችኝ። ሌላውን በዓይኗ ጨረሰችው። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

ግን የዚያ አገር የስደተኞች መሥሪያ ቤት ማስረጃ አምጡ አለ። አብራችሁ መኖራችሁን፣ መዋደዳችሁን አሳዩ። አየህ፣ እዚህ አገር ሰርግ ደግሶ ፕሮሰስ የሚጀምር ሰው ይህን ሲጠየቅ አይጨነቅም። ሽማግሌ የተላከበት ቪዲዮ አለ፤ ኬክ የተቆረሰበት፣ ሚዜ የጨፈረበት አልበም አለ። ከነሱ ውስጥ በኢንተርኔት ተዋውቀው፣ ሳምንት አብረው ሳይኖሩ የተጋቡ አሉ፤ አልበማቸው ግን ሁለት እጅ አያነሳውም። እነዚህ ልጆች ስንት ዓመት ኖረው ምን አላቸው? የተላላኩትን መልእክት ሁሉ ትዕግስት ወንድሟ ስልኳን እንዳያይ በየቀኑ ስታጠፋው ኖራለች። የኪራይ ውል የለም፤ እትዬ በላይነሽ ውል የሚባል ነገር አያውቁም። ፎቶ ፈለጉ። ሁሉም ላይ እትዬ በላይነሽ መሃል ቆመው ይስቃሉ።

የቀረው ምስክር ነው። ለብዙ ዓመት በቅርብ የሚያውቃቸው ሰው ስም ስጡ ተባሉ፤ ደውለን እናነጋግረዋለን። እኔ እመሰክራለሁ አልኩ። ሰናይት ግን የቤቱ ባለቤት የበለጠ ይታመናሉ ብላ የእትዬ በላይነሽን ስም ሰጠች። ትዕግስት ልትነግራቸው ገባች። እኔም ቴሌቪዥኑን እያስተካከልኩላቸው እዚያው ነበርኩ። እጇን እያፍተለተለች ተቀመጠች፤ ከውጭ አገር ስለ እኔና ስለ ሰናይት የሚጠይቅ ሰው ይደውላል አለች። እውነቱን ይንገሩልኝ አለች። የቱን እውነት? አልተናገረችም። እንዴትስ ትናገር? ያቺን ነገር በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ ተናግሯት አያውቅም። እትዬ በላይነሽ ጉልበቷን መታ መታ አደረጉና፣ አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ አሉ።

ስልኩ የመጣ ቀን ጠሩኝ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ስፒከር ላይ አደረግኩላቸው። ድምፁ የወንድ ነው፤ አማርኛው የኛው ነው፤ ከኋላው የፈረንጅ ድምፅ ይሰማል፤ አስተርጓሚ መሆኑ ነው። ሰናይትና ትዕግስት የሚባሉ ሴቶችን ያውቃሉ ወይ አለ። አሳምሬ አሉ። ምንና ምን ናቸው አለ።

ፊታቸው ተለወጠ። ለዓመታት ሲጠብቁት የኖሩት ጥያቄ ነዋ! ማን ያውቃል፣ ፖሊስ ይሁን ምን ይሁን? ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉና ጀመሩ። የእህትማማች ልጆች ናቸው። አያታቸው የከባድ መኪና ሹፌር። የአሥመራ መንገድ። የተዘጋው ድንበር። ገደሉም ሳይቀር፣ ገብርኤልም ሳይቀር። ሰውየው ሁሉንም ለፈረንጁ ይተረጉማል። እኔ በእጄ፣ በጭንቅላቴ፣ በቅንድቤ ምልክት አሳያለሁ። መዳፋቸውን ዘርግተው ዝም በል አሉኝ። ሰውየው፣ ከዝምድና ሌላ በመካከላቸው ያለ ግንኙነት ያውቃሉ ወይ ሲል ጭራሽ ተቆጡ።

"ስማ አንተ ልጅ፣ በኔ ግቢ ነውር የለም። ልጆቹ ዘመድ ናቸው። ልማልልህ?"

ማሉለት። ስልኩን ለምን አልነጠቅክም ትለኝ ይሆናል። እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን ነጥቄ ምን ልል ነው? እሳቸውን ውሸታም ልበላቸው? ያቺንስ ነገር በምን ስም ልጥራት? ስም እያማረጥኩ ሳለ ሰውየው አመስግኖ ዘጋ። እትዬ በላይነሽ ላባቸውን ጠረጉ። ገላገልኳቸው አሉኝ፤ ውሃ ስጠኝ እስቲ።

ሰነባብቶ መልሱ መጣ። አይቻልም። ሰናይት ስትመዘገብ ትዕግስት ዘመዴ ናት ብላለች፤ የገዛ ምስክራችሁም ዘመድ ናቸው ብለዋል። ትዕግስት ሥራ ቀርታ ተኝታ ዋለች፤ በግድግዳው በኩል ምንም አይሰማኝም ነበር። ልቅሶ ብሰማ ይሻለኝ ነበር። ይህን ሰምተህ ታዲያ ውሸት እንዲህ ነው ጦሱ ብለህ እንዳትደመድምልኝ። ያቺ ውሸት ባትኖር ስንት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ማን ያሳድራቸው ነበር?

ማታውኑ ራት ያዝኩላትና እትዬ በላይነሽ ቤት ይዣት ገባሁ። አልበላችም። የተባለችውን ነገረቻቸው። በመጨረሻም ትንፋሿን ስባ፣ "እትዬ፣ ሰናይት የአክስቴ ልጅ አይደለችም" አለች።

"እሱንማ አውቃለሁ" አሉ እትዬ በላይነሽ። "አክስትሽን የፈጠርኳት እኔ አይደለሁ?"

እኔና ትዕግስት ተያየን። ለካ ያውቁ ነበር። ከኔ በፊት ሁሉ ያውቁ ነበር። ሁልጊዜ መሃል የሚገቡትም ሰው ፎቶውን አይቶ እንዳይጠረጥር ብለው ነው። ትዕግስት እንባዋ መጣ። ታዲያ እውነቱን ይንገሩልኝ ብዬዎት አልነበር አለቻቸው። ራቱን ወደ እሷ አስጠግተው መለሱላት።

"ልጄ፣ ስለናንተ እውነቱን የሚጠይቅ ሰው ሊያስርሽ ነው የሚመጣው። እኔ የማውቀው እሱን ነው። ሊያገናኝሽ የሚጠይቅም አለ ብሎ ማን ነገረኝ?"

 ይህን ብለው ስልካቸውን አነሱና ለነዚያ ፈረንጆች ደውልልኝ አሉኝ። የማይደወልበት ቁጥር ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል? ደወልኩ። የቴሌዋ ሴትዮ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ እንዳልሆነ ትናገራለች። እትዬ በላይነሽ ያነሱላቸው መሰላቸውና ስልኩን አፋቸው ላይ ለጥፈው፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጀመሩ። "ስሚኝ የኔ ልጅ፣ በላይነሽ ነኝ። ያን ጊዜ ዋሽቻለሁ። ልጆቹ ዘመድ አይደሉም። ትዳር ናቸው። እዚሁ ቤቴ ውስጥ ነው ተዋደው የኖሩት፣ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ውጭ ተከራዮቹ ቧንቧው ጋ ውሃ እየቀዱ ነበር። ትዕግስት ተነሳች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ስልኩን ከእጃቸው ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

"ድምፅዎን ይቀንሱ እትዬ" አለች። "ሰው ይሰማል።"

እኔም ሄጄ በሩን ዘጋሁት።