እንፋሎቱ ለየሺ፣ ጉበቱ ለእኔ

ደም ያነሰው ሰው ዛሬ ሐኪም ቤት ሲሄድ ብረት ዋጥ ይሉታል። ይበሉት፣ አልቃወምም። ብቻ ብረት ለብቻው ደም እንደማይሆን እኔ ድሮ አውቄዋለሁ። ያወቅሁት ተምሬ እንዳይመስላችሁ፤ ሰርቄ ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በተቀመጠበት ዘመን ነው። ቤታችን ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ባለቤቴ የሺ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ ስድስት ወር ገብቷታል። ቀን ቀን መርፌ የምትለቅም ሴት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ዳፍንት ይዟት ውሃውን ከእንስራው ጎን ታፈሰው ጀመር። እኔ ሞኙ እስቅ ነበር። ኋላ ከንፈሯ ነጣ፣ ከመደቡ ስትነሳ ያዞራት ጀመር። የመንደራችን አዋላጅ አይተዋት፣ በዚህ አኳኋኗ ምጡን አትችለውም ብለው ፊት ለፊት ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ሳቅ አለ?

በበቅሎ አስቀምጬ ከተማ ወሰድኋት። ጣሊያኑ ሐኪም የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየና በአስተርጓሚ በኩል ደም የላትም አለ። ለሁለት ወር የሚበቃ የብረት ክኒን ሰጣት። አንድ ወር ሙሉ ዋጠች። ጠብ ያለ ነገር የለም።

አዋላጇ የአገራችንን መድኃኒት አዘዙ፤ የፍየል ጉበት። ለዳፍንት ጉበት ይቀቀልና በሽተኛው ጋቢ ተከናንቦ እንፋሎቱን በዓይኑ ይቀበላል፤ ከዚያ ጉበቱን ይበላል። ሁዳዴ ግን ገብቷል። የንስሐ አባታችን አባ ገብሬ፣ እርጉዝም በሽተኛም ናት፣ ትብላ ብለው ፈቀዱ። የሺ እምቢ አለች። አገር በጣሊያን እጅ ወድቆ እኔ ደግሞ ጾም ልግደፍ? እንፋሎቱ ይበቃኛል፣ እሱ ጾም አያስገድፍም አለች።

እንግዲህ በየአምስት ቀኑ ፍየል አርዳለሁ። ባላርደውም ጣሊያን ይነዳው ነበር። ሥጋው ለፋሲካ ቋንጣ ይሆናል። ሲመሻሽ ጉበቱ ይቀቀላል፣ እሷ ጋቢዋ ውስጥ ላብ በላብ ትሆናለች። ጉበቱስ? ለውሻው ይስጡት አለችኝ። ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ውሻው እኔን ያያል፣ እኔ ጉበቱን አያለሁ። ስንት ሳምንት ሽሮ የበላ ሰው ምን ያድርግ? ዋጥሁት። ሁለተኛውንማ ጓሮ መውጣቱም ታከተኝ። እሷ እንደሁ ሲመሽ አታይ፤ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ በላሁት። ውሻው እዚህ ነው እንዴ፣ ሲያላምጥ ሰማሁ አለችኝ። አዎ፣ እዚሁ ነው አልኋት።

ሦስት ፍየል አለቀ። የእኔ ጉንጭ ቀላ፣ የእሷ ከንፈር ይብሱን ነጣ። አንድ ጠዋት ከመደቡ ስትነሳ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ያን ጊዜ ገባኝ። መድኃኒቷን እኔ ስበላባት ከርሜ! እየሮጥሁ ሄጄ ለአባ ገብሬ ተናዘዝሁ። እሳቸውም፣ ስግደቱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ለራሷ ንገራት አሉኝ።

ነገርኋት።

"ውሻው እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ይህ ቤት ጾሙን ገድፏል። የሚቀጥለውን ለእኔ ያምጡት።"

በላች። ብረቷንም አልተወችም። አሁን ነርስ የሆነችው የልጅ ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ ለካ ብረቱ ሰውነቷ ውስጥ ተቆልፎበት ኖሯል። ከጎተራው አውጥቶ ደም እንዲሆን የሚያግዘው ቫይታሚን ኤ የሚሉት ነው፤ ዓይንንም የሚያበራው እሱ ነው፣ ጉበት ውስጥ ሞልቷል። እንፋሎቱስ ውስጥ አልኋት። ምንም የለም አለችኝ።

ሁለተኛውን ጉበት የበላች ጊዜ፣ ማታ ነው፣ እሳቱም ከስሟል። እሷ ከምድጃው ማዶ፣ ሳህኑ መካከላችን። እጄ በልማዱ ሾልኮ ወደ ሳህኑ ሄደ።

"አንተ! እጅህን አንሳ!"

በትዳራችን አንተ ብላኝ አታውቅም። እኔ ግን የሰማሁት ስድቡን አይደለም። እጄን አይታዋለች! ጉበቱን ለቅቄ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ከፋሲካ በኋላ ከንፈሯ ቀልቶ በሰላም ተገላገለች። አራስ ጥየቃ የመጣው ሁሉ፣ ለመሆኑ ማን አዳነሽ፣ ሐኪሙ ነው ወይስ አዋላጇ ይላታል። እሷም ቀና ብላ አየት ታደርገኝና፣

"ውሻችን" ትላለች።