የጋሽ አቼቶ ግማሽ ሰዓት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከእኔ ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ባለው ወጥ ቤት፣ ምድጃው ላይ አንድ የብረት ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። ውስጡ ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ አቼቶ አለ። ፈልቷል፤ እሳቱ ጠፍቷል፤ ክዳኑ ተገልብጦ ጎኑ ተቀምጧል። የቀረው ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ብቻ ነበር። የቤቱ አባወራ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጭናቸው ላይ አደረጉና በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። እሳቸው አልተነሡም።

ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነው። ቀንና ሰዓት ሳልጽፍ ወሬ መጀመር አልችልበትም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ።

በእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ እንደሳቸው ያለ ሰው አለ። ሌላው እንግዳ ሳሎን ይገባል፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ያያል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል። ይህኛው «ደህና ዋላችሁ» የሚለውን ቃል ሳይጨርስ ወጥ ቤት ገብቶ የማንቆርቆሪያችሁን ክዳን ያነሣል። ያያል። ከዚያ ዝም ይላል። የሚገድለው ዝምታው ነው። ሐኪም የራጅ ፊልም ወደ ብርሃን አንሥቶ ዝም ሲል አይታችኋል? ልክ እንደዚያ። «በእኛ ሕንፃ እንዲህ ያለ ሰው የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የእኛው ክቡርነታቸው «ጋሽ አቼቶ» ይባሉ ነበር። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላቸው ማስረጃ ፈልጌ አጥቻለሁ። በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይለር ሲያነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቦይለሩ እዚያው ቀረ፤ ጠባቸው ግን ተከትሏቸው ቤት ገባ። ጠቡ ከኖራ ጋር ነው። ውሃ በፈላ ቁጥር ብረት ላይ ከሚጋገረው ከዚያ ነጭ ቅርፊት ጋር።

«ኖራ ሌባ ነው» ይላሉ፣ ጣታቸውን አንሥተው። «መጀመሪያ እሳትሽን ይሰርቃል፣ ቀጥሎ ጊዜሽን፣ በመጨረሻ ዕቃሽን ይዞ ይሄዳል።»

ይህን ሲሉ ሚስታቸው እትዬ ከሳሎን ይመልሱላቸዋል። «ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ‹ውስጥሽ ምን አለ?› ብሎኝ አያውቅም። የሰው ማንቆርቆሪያ ሲሆን ከበር ጀምሮ ይጨነቃል።»

«አንቺ መቼ ኖራ ያዝሽ?»

«ብይዝ ኖሮ ታየኝ ነበር!»

ፈውሳቸው ለሁሉም ቤት አንድ ነበር። ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ ማፍላት፣ እሳቱን ማጥፋት፣ መጠበቅ። «ግማሽ ሰዓት ስጡት!» ይህች ቃል በሕንፃው ውስጥ ከሰላምታ እኩል ነበረች። ከዚያ ደፍቶ ማለቅለቅ፣ ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልቶ መድፋት። «ሦስተኛው ውሃ የሰው ነው።» አቼቶ ያጣ ሎሚ ይቆርጣል። በሽቦ የፋቀ ግን ወዮለት! ሽቦ የጫረው ቦታ ለኖራ አልጋ ነው ብለው ያምናሉና፣ አንድ ቤት ማንቆርቆሪያ አጠገብ ሽቦ ካዩ ፊታቸው የሚገረጣው ሬሳ ያገኙ ያህል ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ የሻወሯ ቀዳዳዎች ተደፍነው ውሃው ወደ ጎን መርጨት ጀመረ። ሊቀ ማንቆርቆሪያ ተጠሩ። በፌስታል አቼቶ ሞሉ፣ የሻወሩን ራስ ነከሩት፣ በላስቲክ አሰሩት። «ግማሽ ሰዓት ስጪው» ብለው ወረዱ። እሷ የሰርግ ቀሚስ ይዛ ስለነበር ረሳችው። በማግሥቱ ጠዋት ዓይኗን ጨፍና ገብታ ውሃውን ከፈተች። ያን ቀን ለልኬት የመጡት ሙሽራ «እዚህ ቤት ሰላጣ ሸተተኝ» አሉ ተባለ። ሻወሩ ግን እስከ ዛሬ እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው።

ሲሮጡ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ምድር ቤት ያለው ሹፌር መታጠቢያ ቤቱን ሊያጸዳ ቆርጦ ተነሣና «ሁለት ጎበዝ ከአንድ ጎበዝ ይሻላል» በሚል ስሌት በረኪናና አቼቶ አንድ ባልዲ ውስጥ ጨመረ። ሽታው ደረጃው ላይ እንደደረሰ ጋሽ አቼቶ በነጠላ ጫማ ወረዱ፤ ሹፌሩን በአንገትጌው ጎትተው አወጡ፣ በርና መስኮቱን ሁሉ በረገዱ። ሰውየው ውጭ ቆሞ ያስላል፤ እሳቸው ያስተምራሉ።

«በረኪናና አቼቶ ጎረቤት አይሆኑም! ገባህ? አንድ ባልዲ ውስጥ ከገቡ የሚወጣው አንተ ነህ፤ ያውም በቃሬዛ!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እንዲጸዳ ብዬ…»

«ይጸዳል! ቤቱም ይጸዳል፣ አንተም ትጸዳለህ!»

መሥሪያ ቤቴም አልተረፈም። የአገልግሎት ማስረጃቸውን ቅጂ ሊወስዱ መጥተው «ትንሽ ይጠብቁ» አልኳቸው። ሰው እንደሳቸው ላለ ሰው እንዲህ አይልም። ፋይሉን ይዤ ስመለስ የቢሮው ማንቆርቆሪያ በአቼቶ ታክሞ፣ ለመለቅለቅ ተራውን ይጠብቃል። ተራውን ግን አልጠበቁለትም፤ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ቀድማ ሻይ አፍልታበት ገብታለች። ዳይሬክተሩ ብርጭቆውን ይዘው ወጡ።

«ይሄ ሻይ ምን ሆኖ ነው?»

«ሕክምና ላይ ነው» አሉ ጋሽ አቼቶ፣ ሳይነሡ። «አቋረጣችሁት።»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። በማግሥቱ ግን ውሃው ከወትሮው በግማሽ ጊዜ ፈላ። ዳይሬክተሩ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእኚያን አዛውንት ፋይል ትንሽ አዘግዪው፤ የላይኛው ፎቅ ማንቆርቆሪያ ይቀራል» አሉኝ።

እንግዲህ ሕንፃው ሁሉ ተሸንፎ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

እናቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። የተወችልኝ አንድ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ አለ፤ ከፈፉ ላይ ቀለሙ የተላጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ ትጥድበት ነበር። ውስጡ ነጭ ሆኗል፤ ቅርፊቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይወፍራል። ጋሽ አቼቶ መጀመሪያ ቤቴ የመጡ ቀን ክዳኑን አነሡ። ያ ዝምታ መጣ። ከወትሮው ረዘመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእናቴ ነው ጋሼ።»

«ማንቆርቆሪያውንማ አውቀዋለሁ። ውስጡ ያለውን ነው የጠየቅኩሽ።»

«እሱም የእናቴ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ልጄ፣ እናትሽን አውቃቸው ነበር። ኖራ አልነበሩም።»

የሥራዬን ሕግ አስረዳኋቸው። እኛ ዘንድ ያረጀ ሰነድ ይጠገናል እንጂ አይታጠብም። የሚነካው ካልተነካ የሚጠፋው ቦታ ብቻ ነው። ከዋናው ላይ የወደቀ ቁራሽ እንኳ አይጣልም፤ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከየት እንደወደቀ ተጽፎበት አብሮ ይቀመጣል።

«እናንተ ጋ አቧራም ደሞዝ አለው በይኛ!»

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው መጡ። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጪኝ።» «አንድ ደቂቃ አልሰጥም ጋሼ።» በስተመጨረሻ እጀታው ላይ ካርድ አሰርኩበት፦ ዋና ቅጂ። አይታጠብም። ከሥሩ ማኅተም መታሁበት፤ የራሴ የመጻሕፍት ማኅተም ነው፣ ግን ማኅተም ነው። ቀርበው አነበቡት።

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«እንግዲህ ማኅተም ካለው…» ብለው ሻያቸውን ጠጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደሞዝ በፊርማ የተቀበለ ሰው ማኅተም ይፈራል።

በዚህ ዓመት የካቲት ሲያልቅ እጀታው ላላ፤ ውሃ የሚወርድበት አፉም በኖራ ተደፍኖ ጠብ ጠብ ብቻ ይል ጀመር። ራሴ ልሠራው ብዬ አንድ ብሎን ጠፋኝ። አርብ፣ መጋቢት 5 ቀን፣ ማንቆርቆሪያውን ታቅፌ ወረድኩ። እጅ መስጠት እንዳይመስል አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር። የውሰት ደብተሬንም ይዣለሁ፤ ከቤቴ መጽሐፍ የሚወስድ ሁሉ ይፈርምበታል። «እጀታና አፍ ብቻ። ውስጡ አይነካም» ብዬ ጻፍኩና አቀረብኩላቸው። ተገዶ የሰላም ውል የሚፈርም ንጉሥ ፊት ይዘው ፈረሙ።

«ለእኔም እንዲህ ያለ ደብተር በኖረኝ!» አሉ እትዬ።

ሰኞ መለሱልኝ። ክዳኑን ሳልከፍት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ያ የጻፍኩላችሁ ማክሰኞ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ መክፈት አቃተኝ። ውሃ በድስት እያፈላሁ አሥራ ሁለት ቀን ኖርኩ። አጥበውት ቢሆንስ? የእናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአቼቶ ወርዶ ቢሆንስ? በሞተ ሰው ላይ መቆጣት አይቻልም፤ ይቅር ማለትም አይመችም፣ «ይቅርታ» የሚል የለማ። ሳልከፍተው ከቆየሁ ሁለቱም፣ እናቴም እሳቸውም፣ እንዳሉ ይቆያሉ ብዬ አሰብኩ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የደረስኩበት ይህ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 21 ቀን፣ እትዬ ከታች በስሜ ጠሩኝ። «ነይ ውረጂ፤ ይሄን ነገር ጨርሺልኝ።» የብረቱ ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ እንዳለ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ በአጠገቡ አልፎ በሌላ ዕቃ ሻይ ሲያፈላ ሰንብቷል፤ የነካው የለም።

«ግማሽ ሰዓት ብሎ አሥራ ሁለት ቀን ሰጠው» አሉ እትዬ።

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ መሀል ላይ ትንሽ ተበላሸ።

ደፋሁት። ኖራው በእጅ ሲነካ እንደ እርጥብ ወረቀት ተላቀቀ። አለቀለቅኩት። ንጹሕ ውሃ አፈላሁ፣ ደፋሁ፤ ደግሜ አፈላሁ፣ ደፋሁ። ሦስተኛውን ጠጣን። እትዬ ባዶውን ማንቆርቆሪያ አንሥተው ውስጡን ብዙ አዩት፤ ፊታቸው ይታይበት ነበር።

«ያንቺስ? ምን ሠራልሽ?»

«አልከፈትኩትም።»

«ለምን?»

«አጥበውት እንደሆነ ብዬ።»

«ሂጂ አምጪው።»

አመጣሁት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጄ ክዳኑ ላይ ቀረ። እትዬ ጠብቀው ጠብቀው እጄን ገለል አድርገው ራሳቸው ከፈቱት።

ነጭ ነው። እንደነበረ ነው። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ቅርፊቱ፣ ሁሉም። ውሃ ወደ አፉ የሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ፣ ከሳንቲም የማይበልጥ ክብ፣ ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። ወለሉ ላይ ደግሞ እንደ መድኃኒት የታጠፈች ወረቀት ተቀምጣለች። ፈታኋት። ውስጧ ጥቂት ነጭ ስብርባሪ አለ። ላይዋ ላይ በዚያ በተጣመመ የቦይለር ቤት ጽሕፈት፦ «ከአፉ የወጣ። አልተጣለም።»

«አሃ!» አሉ እትዬ። «ቅዳሜ ሙሉ ቀን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጥርስ መጎርጎሪያ ሲቆፍር ዋለ። ‹ምነው በአቼቶህ አትገላግለውም?› ብለው፣ ‹ዝም በይ፣ ፈርሜያለሁ› አለኝ።»

ሰኞን አሁን ልጻፍ፤ ስልክ ላይ ስለነበርኩ በደንብ አላየሁትም ነበር። ከእሳቸው በር እስከ እኔ በር አሥራ ስምንት ደረጃ ነው። መሀል ላይ ሲያርፉ ትንፋሻቸው ተሰምቶኛል። አንኳኩ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ከፈትኩ። ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝና ቆሙ።

«ፈርሚልኝ።»

«ጋሼ፣ ነገ አይደርስም?»

«ዕቃ ከተመለሰ ይፈረማል። ሕጉ ያንቺው ነው።»

ደብተሩን አመጣሁ።

«አትከፍቺውም?»

«ቸኩያለሁ ጋሼ፣ ስልክ ላይ ነኝ።»

«ይሁን። ሲመችሽ።»

የምጽፈውን በመነጽራቸው በኩል ጎንበስ ብለው አረጋገጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ወረዱ። የጻፍኩት ይህ ነው፦ ማንቆርቆሪያ፣ ሰማያዊ፣ አንድ። እጀታና አፍ ተሠርቷል። ለባለቤቷ ተመልሷል። ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን፣ 11 ሰዓት ከሩብ።