ክቡርነታቸውን የሚሰድቡልን ሰው

ባለሥልጣን የሚያማ ሰው የሌለበት መንደር እስካሁን አልተቆረቆረም። የሌላው መንደር ሐሜተኛ ግን ከኋላ ነው የሚያማው። የእኛው ጋሽ ኢሲኬሊ ፊት ለፊት ይሰድባሉ።

ፈቃድ አላቸው። የእሳቸው ጎሳና የምክር ቤት ተመራጫችን የክቡር አፒሳይ ጎሳ «ታውቩ»፣ ማለትም የሚሰዳደቡ ዘመዳሞች ናቸው። እዚህ ፊጂ ሰው ታውቩውን እንዳሻው ይሰድባል፤ ተሰዳቢው ይስቃል። ከተቀየመ የሚያፍረው እሱ ነው።

ስለዚህ ክቡር አፒሳይ በመጡ ቁጥር ጋሽ ኢሲኬሊ ካቫቸውን፣ እንግዳ የምንቀበልበትን የሥር መጠጥ፣ ጨልጠው፣ ጢማቸውን ጠርገው ይጀምራሉ።

«ዘንድሮም ጸጉርህን በጫማ ቀለም ነው የቀባኸው?»

«ለቅሶ ቤት ካሜራ ካልመጣ እንባህ አይመጣም አሉ!»

«ሚስትህ ስታባርርህ ነው አይደል ‹ለሥራ ጉብኝት ወጡ› የሚባለው?»

ቦርጫቸው ሳይቀር በየዓመቱ ይገመገማል። ክቡርነታቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ እኛም እንስቃለን፤ ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ውልቅ።

ዘንድሮ ግን ሳቁ አነቀን። አውሎ ነፋስ የጤና ጣቢያችንን ጣሪያ ገንጥሎ ከወሰደው ወዲህ የእህቴ ልጅ ሊቲያ ዝናብ እየወረደባት ወለደች። ጣሪያውን ክቡር አፒሳይ ቃል ገብተው ረስተውታል። ሊመጡ ሲሉ የመንደሩ ሹም ጋሽ ኢሲኬሊን ለመኗቸው።

«እባክዎ ዛሬ እንኳ ምላስዎን ይሰብስቡልን። ተቀይሞ ጣሪያውን እንዳያስቀርብን።»

«እሺ» አሉ። እሳቸው እሺ ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

ክቡርነታቸው መጡ፣ ካቫው ዞረ። ጋሽ ኢሲኬሊ ጨለጡ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ዝም አሉ። ክቡር አፒሳይ ጸጉራቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ዝም። ቦርጫቸውን ገፋ አደረጉት። አሁንም ዝም። ታውቩው መስደብ የተወውን ሰው ዘመዱ ክዶታል ማለት ነው፤ ምርጫው ደግሞ ደርሷል። ሰውየውን ላብ አጠመቃቸው።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? በእናትዎ ይስደቡኝ!»

«እኔ የምሰድበው ዘመዴን ነው» አሉ ጋሽ ኢሲኬሊ። «ዘመድ ደግሞ ልጃችን ዝናብ ላይ ስትወልድ እያወቀ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጸጉርህን እንደፈለግህ ቀባው፤ እኔ ምን አገባኝ!»

ማንም አልሳቀም።

ቆርቆሮው በሳምንቱ መጣ። ክቡር አፒሳይ ራሳቸው መዶሻ ይዘው መሰላል ወጡ። ጋሽ ኢሲኬሊ ከታች ሆነው አዩአቸው፣ አዩአቸውና ጮኹ፦

«ውረድ አንተ የሰባ አሳማ! መልሰህ ልታፈርሰው ነው!»

ክቡርነታቸው ሲስቁ መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ። እኔ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። እኒህን አፈ ክፉ ሽማግሌ እወዳቸዋለሁ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።