ለቀጠሮ የሚዋጥ ኪኒን

እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ግቢ ጠርጎ ድንጋዩን ኖራ የማይቀባ ሰው በአገራችን የለም። ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ኖራ የሚቀባው ደሙን ነው። በነቀምቴ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ግፊት ስለካ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ገና ከበር ሲገባ አውቀዋለሁ እያልኩ እፎክር ነበር።

የዓይነቱ ሊቀ መንበር ክቡር ኦቦ ዋጋሪ ናቸው፤ ጉቴ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ርዕሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ። በቀጠሯቸው ቀን ከረባት አስረው፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርዳቸውን ይዘው ከሁሉም ቀድመው ይደርሳሉ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ! በል ለካኝ!" ይሉኛል፤ እንዴት አደርክ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

እለካለሁ፤ መቶ ሃያ አምስት በሰማንያ።

"ኪኒኑን በየቀኑ ይወስዳሉ?"

"እሱን ሳልውጥ ቁርስ አልቀምስም!"

እኔም ካርዱ ላይ "በጣም ጥሩ፣ ይቀጥሉ" ብዬ እጽፋለሁ። ይባስ ብዬ ወረፋ ለሚጠብቁት ምሳሌ አደርጋቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ንግግር ካገኙ አይለቁም። "እንደ እኔ ሁኑ! መድኃኒት ማቋረጥ የሰነፍ ተማሪ ሥራ ነው!" ከሲሬ የምትመጣው ታካሚዬ ሶረቲ ሦስት ቀን መዝለሏን እውነቱን ብትናገር፣ በሰው ፊት ገሥጸው አስለቀሷት። እኔም አብሬ ተቆጣኋት። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ጥቅምት ላይ ኦቦ ዋጋሪ ከቀጠሮ ቀሩ። ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ማለቱን የሰማሁት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው። ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ፣ ባለቤታቸው አዴ ቦንቱ የጠመኔ ካርቶን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። የሁለት ዓመት ኪኒን ሞልቶታል።

"ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ይጀምራል፤ አንተ ጋ ደርሶ ሲመጣ ያቆማል" አሉኝ። "ትምህርት ቤቱንም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሱፐርቪዥን ሊመጣ ሲል መስኮቱ ሁሉ ይጠገናል።"

ተናደድኩ። በእሳቸው ተናደድኩ፤ በራሴ ደግሞ ባሰብኝ። ይቀጥሉ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ቀጠሉ። አንድ ቀን እንኳ የተረፈውን ኪኒን አምጡና ልይ አላልኩም። ቁጥራቸው ለወር ሪፖርቴ ያምር ነበር።

እዚያው ለካኋቸው፤ መቶ ሰባ በመቶ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያገኘሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ቁጥራቸው ይህ ነው።

"መጥፎ ነው፣ አይደል?" አሉ በተጣመመ አፋቸው።

"መጥፎ ነው። ለምን እንዲህ አደረጉ፣ ኦቦ ዋጋሪ?"

"ቁጥሩን አይተህ ስትደሰት... ደስ ይለኝ ነበር።"

ለካ እኚህን አታላይ ሽማግሌ እንደ አባቴ ነው የምወዳቸው። ፊቴን እንዳያዩብኝ መለኪያውን መጠቅለል ጀመርኩ። ልወጣ ስነሳ በደህናው እጃቸው እጅጌዬን ያዙ።

"ነገም ና፣ ኢልማ ኮ። ግን እንደምትመጣ አትንገረኝ፤ ከነገርከኝ እዘጋጃለሁ።"