ኮርያ ድረስ ሄዶ ገብስ ማጨድ

ሽርሽር የሚወድ ሰው ይውደድ፤ እኔ ምን አገባኝ። ከገበሬ ልጅ ጋር ሽርሽር ውጣ ብሎ ግን ማንም እንዳይመክረኝ። ለምን በሉኝማ።

ወታደር የሆንኩት ለክብር እንዳይመስላችሁ። እስቴ ውስጥ የአባቴን ገብስ ማጨድ ወገቤን ስለቆረጠኝ ነው። የንጉሡ ጦር ኮርያ ይዘምታል ሲባል ደስ አለኝ። ባሕር ተሻግሮ ማጭድ የሚያስጨብጠኝ ማን አለ ብዬ።

ጦርነቱ ከቆመ በኋላ፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ሃምሳ አለቃችን ለሦስታችን የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጡን። አንዱ ውቤ ነው፣ የስማዳ ሰው፣ የወገዳ። ሌላው የአርብ ገበያው ቀለሙ፤ ድቁናውን ትቶ የዘመተ። ሦስተኛው እኔ። ሐሳባችን በገጠሩ መንገድ ዘና እያልን ወንዝ ዳር ደርሰን፣ ዋኝተን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን ልንመለስ ነበር። ጫማዬን እንኳ እንደ መስተዋት ወልውዬዋለሁ።

አንድ ሰዓት ሳንሄድ ውቤ ቀጥ አለ። ምን አየ? ገብስ። በሰኔ የደረሰ ገብስ። በእኛ አገር በሰኔ ይዘራል እንጂ ይታጨዳል? ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ብቻቸውን አጎንብሰው ያጭዳሉ። ሰማዩ ጠቁሯል።

“ልጅ የላቸውም እንዴ?” አለ ውቤ።

ጦርነት በዞረበት አገር ይህ ይጠየቃል?

ወደ ማሳው ገባ። ሽማግሌው የወታደር ልብሱን ሲያዩ ነዶው ፊት ቆመው ክንዳቸውን ዘረጉ። ሊዘርፈን መጣ ብለው ነው። ውቤ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። ከዚያ ማጭዱን ከአሮጊቷ እጅ ቀስ ብሎ ተቀበለና ማጨድ ጀመረ።

እኔ በገንኩ። ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፣ ሥራ አይሠራም አልኩ። ሃይማኖቴ ድንገት ትዝ ብሎኝ። ቀለሙ ኮቱን እያወለቀ፣ “የማይሠራው ለራስ ነው” ብሎኝ ገባ። የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ሽማግሌው ከቤት ሌላ ማጭድ አምጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እንዲህ አድርጎ የሰጠን ሽማግሌ እምቢ ይባላል? እያረርኩ ተቀበልኩ። እያረርኩ አጨድኩ። አሮጊቷ ላቤን በነጠላዬ ልጥረግልህ እንደምትል እናት ሲያዩኝ ደግሞ ይባስ ተናደድኩ፤ ሰው እንዲህ እየታየ እንዴት አድርጎ ይለግማል?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥቂት ቀረን። ፈቃዳችን ግን አልቆ ነበር። ዘግይተን ጦር ሰፈር ስንገባ ሃምሳ አለቃ በር ላይ ቆመዋል። የጋይንት ሰው ናቸው፤ ቁጣቸው የታወቀ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁለቱን እንዲቀጡልኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ጨረሳችሁት?” አሉ።

“ጥቂት ቀርቷል፣ ጌታዬ።”

ቁጣው ያን ጊዜ መጣ። “ዝናብ ደጅ ቆሞ የሰው ገብስ ጥላችሁ ትመጣላችሁ? የማን ልጆች ናችሁ?”

ጎሕ ሲቀድ ለቅጣት ተሰለፍን። ሃምሳ አለቃ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ከፊት ቆሙና፣ ወደ ማሳው ምራ አሉኝ።

በጎ ሥራ አይጠፋም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይጠፋም። በማግሥቱም እዚያው ማሳ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል።